ፋይሉ ተከፍቶ ጽሑፉ የማይነበበው ለምንድን ነው?

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት መሥሪያ ቤቶቹ በአንድ ከተማ አልተከማቹም። ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ የክልሉ ምክር ቤት አርባ ምንጭ ገባ፤ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራትም የየራሳቸውን ድርሻ ያዙ። በዚህ ክልል አንድ ረቂቅ ደንብ ከመጽደቁ፣ አንድ የበጀት ሠንጠረዥ ከመፈረሙ በፊት ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለችው ሶዶ ተነስቶ በኢሜይል፣ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ወደ ሌላ ከተማ ይጓዛል። ሶዶ ያለው ጸሐፊ አንድ ዓይነት ኮምፒውተርና ሶፍትዌር አለው፤ ዲላ ያለው ተቀባይ ሌላ ዓይነት ሊኖረው ይችላል። ሁለቱን የሚያግባባቸው የፋይሉ ፎርማት ነው፤ የዚህ ዲስኩር ጉዳይም እሱ ነው።

ጉዳዩ የገንዘብም ነው። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ፈቃድ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። በብዙ ቢሮዎችና ኮፒ ቤቶች የሚታየው ግን ከፈቃድ ውጭ የተጫነ፣ «ክራክ» የተደረገ ነው። ክራክ ማድረጊያው ራሱ ቫይረስ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ የመንግሥት ሰነድ የሚጻፍበት ኮምፒውተር ደግሞ እንዲህ ላለ አደጋ መጋለጥ የለበትም። ሊብረኦፊስ የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይወርዳል፣ ሕግ ሳይጣስ ይጫናል፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፤ ምናሌው በአማርኛም ይገኛል። ታዲያ ሰው ለምን አይጠቀምበትም? ሲጠየቅ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «የዎርድ ፋይል ያበላሻል»።

ይህ ቅሬታ በከፊል እውነት ነው። በከፊል ደግሞ ጥፋቱን የማይመለከተው ሶፍትዌር ላይ ይጭናል።

እውነቱ ከዎርድ ታሪክ ይጀምራል። ዎርድ ለብዙ ዓመታት ጽሑፍ ያስቀምጥ የነበረው «ዶክ» በሚባለው ፎርማት ነበር። ዶክ ሲከፈት አብዛኛው በዓይን የማይነበብ፣ በሁለትዮሽ ኮድ የታጨቀ ፋይል ነው። የትኛው ባይት አንቀጽን፣ የትኛው ደማቅ ፊደልን እንደሚያመለክት የሚያስረዳውን የተሟላ ዝርዝር ማይክሮሶፍት ለሁሉም ክፍት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ሶፍትዌር ሠሪ ዶክን ለማንበብ የነበረው መንገድ አድካሚ ነበር፦ በዎርድ አንድ ነገር ይጽፋል፤ የተቀመጠውን ፋይል ይፈትሻል፤ አንድ ቃል ለውጦ እንደገና ያስቀምጥና የተለወጡትን ባይቶች ይፈልጋል።

ይህን ሥራ ከጀመሩት መካከል በጀርመን ሉነቡርግ ከተማ የተመሠረተው ስታር ዲቪዥን የተባለ ኩባንያ ይገኝበታል። ምርቱ ስታርኦፊስ ይባል ነበር። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለ የኮምፒውተር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ኩባንያውን ገዛው፤ በ2000 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀ፤ በ2002 በዚያ ኮድ የተሠራው ኦፕንኦፊስ ቁጥር 1.0 ወጣ። ኦራክል የተባለው ድርጅት በ2010 ሰንን ሲጠቀልል ገንቢዎቹ ስለ ሥራቸው ዕጣ ሰጉና በዚያው ዓመት መስከረም ወር ኮዱን ይዘው ተለዩ። ሊብረኦፊስ የተወለደው ያኔ ነው፤ ዛሬም የሚጠብቀው መቀመጫው በርሊን የሆነው ዶክዩመንት ፋውንዴሽን ነው። ሶዶ ውስጥ አንድ ተማሪ ዛሬ ሊብረኦፊስን ሲጭን የእነዚህን ሁሉ ዓመታት ትዕግሥት በነጻ ይወርሳል።

በዚህ መካከል የደረጃዎች ክርክር መጣ። የክፍት ምንጭ ወገን «ኦዲኤፍ» የተባለውን የሰነድ ፎርማት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም አቀፉን የደረጃዎች ድርጅት ዕውቅና አገኘ። ማይክሮሶፍትም በበኩሉ ከዶክ ተላቆ «ዶክኤክስ»፣ «ኤክስኤልኤስኤክስ» እና «ፒፒቲኤክስ» የሚባሉትን አዳዲስ ፎርማቶች ይዞ ቀረበ፤ ብዙ አገሮች ከተከራከሩበት በኋላ በ2008 እነርሱም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኑ። ዶክኤክስ በመሠረቱ ዚፕ የተደረገ ማህደር ነው። ማንም ሰው የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ዚፕ ለውጦ ቢከፍተው በውስጡ በዓይን የሚነበቡ የኤክስኤምኤል ጽሑፎች ያገኛል፤ አንቀጹ፣ የፎንቱ ስም፣ የፊደሉ መጠን ሁሉ ተጽፎ ይታያል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን በአንድ ከሰዓት ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ቢሞክሩት ደግሞ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ታዲያ ደረጃው ከወጣ ችግሩ ለምን አላበቃም? አንደኛው ምክንያት የመመሪያው ግዝፈት ነው፤ የመጀመሪያው እትም 6000 ገጽ ገደማ ነበር። ሌላው ደግሞ አሮጌው ዎርድ በአዲሱ ፎርማት ውስጥ መኖሩን መቀጠሉ ነው። ከትእዛዞቹ መካከል ክፍተቱን ዎርድ 95 እንደሚያደርገው እንዲደረግ፣ መስመሩን በዎርድ 97 ሕግ እንዲቆረጥ የሚሉ ነበሩ። ዎርድ 95 ምን ያደርግ እንደነበር የሚያውቀው የሠራው ድርጅት ነው። ደረጃው «ጥብቅ» እና «መሸጋገሪያ» የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት፤ ጥብቁ ከእነዚህ ቅሪቶች የጸዳ ነው። ዎርድ በተለመደው አሠራር ሴቭ የሚያደርገው ግን በመሸጋገሪያው ነው።

ስለዚህ ሊብረኦፊስን የሚሠሩት ሰዎች መመሪያ በማንበብ ብቻ አይወጡትም። ሥራቸው በናሙና ላይ የቆመ ነው። አንድ ተጠቃሚ የተበላሸ ሰነድ ሲያጋጥመው ፋይሉን፣ በዎርድ ምን እንደሚመስልና በሊብረኦፊስ ምን እንደሆነ አያይዞ ይልካል። ገንቢው ሰነዱን ጥፋቱ እስኪለይለት ድረስ እየቀነሰ ያሳጥረዋል፤ ምክንያቱን አግኝቶ ያርመዋል፤ ያቺን ትንሽ ናሙና ደግሞ ጥፋቱ ተመልሶ እንዳይመጣ በራስ ሰር ፈተና ውስጥ ያስገባታል። እንዲህ የተሰበሰቡ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰነዶች በየጊዜው ተከፍተው ተመልሰው ሴቭ ይደረጋሉ። ሠንጠረዥ የሚፈርስበት፣ የገጽ ቁጥር የሚጠፋበት፣ ሥዕል ከቦታው የሚሸሽበት ጉድለት ዓመት ከዓመት የቀነሰው በዚህ መንገድ ነው። ናሙናው ያልደረሰው ጉድለት ግን በቦታው ይቆያል። ከሶዶ፣ ከአረካ ወይም ከቦዲቲ የተበላሸ ፋይል ካልተላከ በርሊን ያለ ገንቢ ስለ እሱ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

የአማርኛ ሰነድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያሰናክለው የራሱ ጉዳይ አለ። ከቅሬታው ከፊሉ የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ኮምፒውተር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድን ፊደል በአንድ ባይት ያስቀምጥ ነበር፤ አንድ ባይት ደግሞ 256 ቦታ ብቻ አለው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛ እትሙ ሲቀበል የመዘገበው ቁጥር፣ ሥርዓተ ነጥቡንና አኃዙን ጨምሮ፣ 345 ነበር። እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ቀደምት ሰዎች ያን ሁሉ ፊደል በዚያ ጠባብ ቦታ ለማስገባት ብዙ ደክመዋል። ሥራቸው ሊመሰገን ይገባል፤ ለዓመታት አማርኛ በኮምፒውተር የተጻፈው እንዲህ ባሉ ሰዎች ብልሃት ነው። የፎንት አዘጋጆቹ መንገድ ግን አንድ አልነበረም። አንዱ ፊደላቱን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች ያከፋፍላል፤ ሌላው ግንዱን አንድ ጊዜ አስቀምጦ የካዕቡንና የሣልሱን ቅጥያ በላዩ ይደርባል። የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ እትሞች፣ ብራናና ሌሎችም የየራሳቸው ድልድል ነበራቸው።

ውጤቱ ምንድን ነው? በእነዚህ ፎንቶች በተጻፈ ሰነድ ውስጥ የተቀመጠው አማርኛ አይደለም። ፋይሉ የያዘው የላቲን ፊደልና ምልክት ኮድ ነው፤ ፎንቱ በዚያ ኮድ ላይ የ«ለ»ን ወይም የ«መ»ን ሥዕል ያስቀምጥበታል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሥዕሉ ይጠፋና ከሥር ያለው የላቲን ዝብርቅርቅ ብቻ ይቀራል። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የ1990ዎቹን ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ በሊብረኦፊስ ከፍቶ ይህን ዝብርቅርቅ ሲያይ «ሶፍትዌሩ አበላሸው» ይላል። ነገር ግን ያንኑ ፋይል ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ በዎርድ ቢከፍተው የሚያየው ተመሳሳይ ነው። ሊብረኦፊስ ፎርማቱን በትክክል አንብቧል፤ የጎደለው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚፈጽመው አንድ ስሕተት ሰነዱን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል። ዝብርቅርቁን ያየ ሰው ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ኖትፓድ ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ ዋናውን ያጠፋል። ከላይ እንደተባለው አንዱ ኮድ በአንደኛው ፎንት «ሰ»፣ በሁለተኛው «ጠ» ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ኖትፓድ የፎንት ስም አይዝም። ስሙ ሲጠፋ ጽሑፉን ወደ ትክክለኛው አማርኛ የሚመልስ ቁልፍ አብሮ ይጠፋል። አሮጌ ሰነድ ያለው መሥሪያ ቤት ዋናውን ፋይል ፈጽሞ መደምሰስ የለበትም።

መፍትሔው ዛሬ በእጅ ነው። ለግዕዝ ፊደል ኮምፒውተራዊ ጉዞ ለረጅም ዘመን የሠራው ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በአሮጌ ፎንቶች የተጻፈ የዶክኤክስ ሰነድን ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ክፍት ምንጭ መሣሪያ ለሕዝብ አቅርበዋል። መሣሪያው እያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ከፋይሉ ያነባል፤ በፎንቱ ድልድል መሠረት ትክክለኛውን ፊደል ይተካል፤ ሠንጠረዡንና አንቀጹን እንዳለ ይተወዋል። ይህ ሊሠራ የቻለው ዶክኤክስ ተከፍቶ የሚነበብ ፎርማት ስለሆነ ነው። በአሮጌው ዶክ የቀሩት ፋይሎችስ? እነርሱን ሊብረኦፊስ ራሱ ወደ ዶክኤክስ ይለውጣቸዋል፤ መስኮት ሳይከፍት፣ በአንድ የትእዛዝ መስመር፣ ሙሉ ፎልደር በአንድ ጊዜ። ያበላሻል ተብሎ የሚከሰሰው ሶፍትዌር እዚህ ላይ የአሮጌው ሰነድ አዳኝ ነው።

በዩኒኮድ የተጻፈ አዲስ ሰነድም ቢሆን ከችግር ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። ኒያላ የተባለው የማይክሮሶፍት ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 መጥቶ የብዙ ደብዳቤዎች ፊደል ሆነ። ሊኑክስ በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ኒያላ አይገኝም፤ ዊንዶውስ 10 ላይ እንኳ ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚጫን ነው። ፎንቱ ሲታጣ ሶፍትዌሩ በሌላ ይተካዋል፤ የተተኪው ፊደል ስፋት ስለሚለያይ ሁለት ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሦስተኛ ገጽ ይገባል፤ የፊርማው ቦታ ከስሙ ይለያል። ለላቲን ፎንቶች ይህ ተፈትቷል፦ ሊብረኦፊስ ለካሊብሪ ካርሊቶን፣ ለካምብሪያ ካላዲያን፣ ለታይምስ ኒው ሮማን ሊበሬሽንን በትክክል አንድ ዓይነት ስፋት አድርጎ ይዞ ይመጣል። ከኒያላ ጋር በስፋት የሚተካከል ፎንት ግን አብሮት አይመጣም። ለጊዜው የሚያዋጣው መሥሪያ ቤቶች እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ያሉ በነጻ የሚሰራጩ የግዕዝ ፎንቶችን በጋራ መርጠው በሁሉም ኮምፒውተር መጫን፣ ፎንቱንም ከሰነዱ ጋር አያይዞ መላክ ነው። ዎርድም ሊብረኦፊስም ፎንትን ሰነድ ውስጥ የመክተት አማራጭ አላቸው።

ወላይታ በዚህ ጉዳይ ከሌሎች ቦታዎች የሚለይበት ነገር አለው። እዚህ ሰነድ በሁለት ፊደል ይጻፋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ ወላይትኛ ደግሞ በላቲን። ይህም ታሪክ አለው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአስራ አምስት ቋንቋዎች ሲያስተምር ወላይትኛ አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ሲመጣ በላቲን ተተካ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ያዋሐደ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ የሶዶ ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ መጽሐፉ ተነሣ። ቋንቋው እንዴት እንደሚጻፍ ለወላይታ ሰው ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

የኮምፒውተሩ ዓለም ግን ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው አልተከታተለም። ሊኑክስ ውስጥ ባለው ጂሊብሲ የተባለ መሠረታዊ የሶፍትዌር ስብስብ ወላይትኛ አለ፤ የገባውም በዚያው በግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጥረት ነው። መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የቀናቱ ስሞች «ወጋ»፣ «ሳይኖ»፣ «ማቆሳኛ» ተብለው በግዕዝ ፊደል ተመዝግበዋል፤ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ነው። የላቲኑን ቅርጽ አዘጋጅቶ ማስገባት ጥቂት ሰዎች በጥቂት ሳምንታት የሚጨርሱት ሥራ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ለጉዳዩ ቅርብ ያልሆነ ሰው የማያስበው ነው። በብዙ የወላይትኛ ጽሑፎች በጉሮሮ የሚቆረጠው ድምፅ በ7 ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ በቃሉ መካከል እንደ ፊደል ይገባል። ዎርድም ሊብረኦፊስም ቁጥር ያለበትን ቃል በፊደል እርማት ጊዜ ሳይመረምሩ እንዲያልፉ ሆነው ነው የሚመጡት፤ የተሠሩት ቁጥር ያለበት ቃል የዕቃ መለያ ወይም ኮድ ነው በሚል ግምት ነው። ለወላይትኛ የፊደል ማረሚያ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ካላወቀ ማረሚያው ከቋንቋው ቃላት ብዙዎቹን ሳያያቸው ያልፋል። ይህን ለገንቢዎቹ ማስረዳት የሚችለው ወላይትኛ የሚጽፍ ሰው ነው።

ጎረቤት ሲዳማ ቀድሟል። የሊብረኦፊስ ምናሌ በሲዳምኛ ተተርጉሟል፤ በአፋን ኦሮሞም አለ። ወላይትኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ወላይትኛን የሚያስተምሩ ምሁራንና የኮምፒውተር መምህራን በአንድ ግቢ የሚገናኙባት ሶዶ ይህን የማትሠራበት ምክንያት የለም።

የሠንጠረዥ ነገርም በአጭሩ ይነሣ። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ በሚቆጠር የቀን ቁጥር ነው፤ ሎተስ ከተባለው ቀዳሚው ሶፍትዌር የወረሰውን፣ በ1900 ያልነበረውን ፌብሩዋሪ 29 እስከ ዛሬ ይዞታል። ሊብረኦፊስ ቁጥሩ እንዲገጥም ቆጠራውን ከ1899 ዲሴምበር 30 ጀመረ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ተደርጎም የኢትዮጵያ ቀን አይገባም። ሠራተኛው ጥቅምት 30ን በቀን፣ በወርና በዓመት 30/02/2016 ብሎ ሲጽፍ ሁለቱም ሶፍትዌሮች ፌብሩዋሪ 30 የለውም ብለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዙታል፤ ጳጉሜን በ13 ሲጽፍም እንዲሁ። ጥቅምት 15ን ግን ፌብሩዋሪ 15 አድርገው ይቀበሉታል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ ይሆንና ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል። ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት ዓምድ መለየት እስካሁን ከሁሉ የሚሻል ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ቸኩሎ መዝለልንም አይመክርም። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ክፍት ምንጭ ለመሄድ ወስኖ ከዓመታት ሥራ በኋላ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ፤ ከውጭ ከሚመጡ ሰነዶች ጋር መናበብ ከቅሬታዎቹ አንዱ ነበር። በዚያው አገር ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን የተባለው ክልል በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብረኦፊስ ለማዛወር ወስኗል። የብሪታንያ መንግሥት በ2014 ያደረገው ለየት ይላል፦ ሠራተኛው የትኛውን ሶፍትዌር ይጠቀም ሳይል፣ መሥሪያ ቤቶች የሚለዋወጡት የሚታረም ሰነድ በኦዲኤፍ፣ የሚነበበው ብቻ በፒዲኤፍ ወይም በኤችቲኤምኤል እንዲሆን ወሰነ። ለደቡብ ኢትዮጵያ የሚቀርበው የብሪታንያው ነው። ሶፍትዌርን መቀየር ገንዘብና ሥልጠና ይጠይቃል፤ በስድስት ከተሞች መካከል የሚላከው ሰነድ ምን ዓይነት ይሁን ብሎ መስማማት ግን በአንድ ደብዳቤ ያልቃል። ሊብረኦፊስ ለዚህ የሚመች አንድ አማራጭ አለው፤ ፒዲኤፍ ሲያወጣ የሚታረመውን ዋና ሰነድ በውስጡ ሊያካትተው ይችላል። ተቀባዩ ለንባብ እንደ ፒዲኤፍ ይከፍተዋል፤ ማረም ከፈለገም በሊብረኦፊስ ይከፍተዋል።

እንግዲህ የክልሉ ቢሮዎች አዲስ ሰነድ በዩኒኮድ ብቻ እንዲጻፍና አንድ ነጻ የግዕዝ ፎንት በሁሉም ኮምፒውተር እንዲጫን ይወስኑ። መዝገብ ቤቶች አሮጌውን ፋይል ሳይደመስሱ ቅጂውን ይቀይሩ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን የመመረቂያ ሥራ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ የወላይትኛን የፊደል ማረሚያ፣ የቀናቱን የላቲን ስሞች ወይም ከኒያላ ጋር በስፋት የሚተካከል ነጻ ፎንት ይስጡት። በሊብረኦፊስ የተበላሸ የአማርኛ ወይም የወላይትኛ ሰነድ ያጋጠመው ሁሉ ደግሞ በውስጡ ያለውን የሰው ስምና ምሥጢር አውጥቶ፣ በዎርድ የሚታይበትን ፎቶ አያይዞ፣ ለገንቢዎቹ ይላክላቸው።